የጭሱም ሒሳብ ለሕዝብ ይቅረብ

የተከበራችሁ የአዳማ፣ የሞጆ፣ የቢሾፍቱ፣ የባቱና የሻሸመኔ መራጮች፤

አንድ ኩባንያ ስንት እንዳተረፈ በኦዲተር ተመርምሮ ሒሳቡ ይዘጋል። ስንት ናፍጣ እንዳቃጠለ፣ ምን ያህል ሙቀት አማቂ ጋዝ ወደ አየር እንደለቀቀ ግን ለአካባቢው ነዋሪ ሲያስታውቅ አላየንም። ፓርቲያችን ይህ አሠራር መለወጥ አለበት ብሎ ያምናል።

ሕግ ከነጭራሹ የለም ማለታችን አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። ነገር ግን አቤት ባዩ በእጁ ቁጥር ከሌለው ምን ይዞ ይከራከራል? መረጃ የሌለው መብት ወረቀት ላይ ይቀራል።

«እኛ ድሃ አገር ነን፤ ይህ ለባለሀብቱ ሸክም ነው» የሚሉን አሉ። ዓለምን በይበልጥ ያሞቀው የበለጸጉት አገሮች ጭስ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ሒሳቡን አለመያዝ የሚጎዳው እኛኑ ነው። በአዳማ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 ሥራ የጀመሩት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክም ከሞላ ጎደል ከውኃና ከነፋስ የሚገኝ ነው። ይህ ንጽሕና ካልተመዘገበ የውጭ ገዢ አይቆጥርልንም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 2026 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለሚገቡ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሉሚኒየምና ማዳበሪያ አስመጪው የካርቦን ክፍያ እንዲፈጽም ግዴታ ጥሏል። ነገ ቆዳና አበባን አይነካም ብሎ ዋስ የሚሆን የለም። ሸክም የተባለውም ቢሆን የነዳጅ ደረሰኝና የመብራት ቢል ከመደመር የሚጀምር ነው።

ስለሆነም ከተመረጥን፦

1ኛ/ ትላልቅ ድርጅቶች ከዓመታዊ ሒሳባቸው ጋር የጭስ መግለጫ እንዲያቀርቡ፣ የመንግሥት የልማት ድርጅቶችም ቀዳሚ እንዲሆኑ ሕግ እናወጣለን፤

2ኛ/ መግለጫው በገለልተኛ ኦዲተር ተመርምሮ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በየከተማው አስተዳደር ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ እናደርጋለን፤

3ኛ/ ወፍጮ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ጋራዥና መሰል አነስተኛ ድርጅቶች ከዚህ ግዴታ ነፃ ይሆናሉ።

ፋብሪካ ይዘጋ አንልም፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነውና። የምንለው ሒሳቡ ይታወቅ ነው። ግብር የምትከፍሉበት ከተማ አየሩም የእናንተ ነው። ድምፃችሁን ስትሰጡ ይህን አስቡ።