ያገለገለ የቴሌስኮፕ መቆሚያን ስለ ማደስ

ያገለገለ ቴሌስኮፕ ገዝተን ኮከቡ በልጆቻችን ዓይን ሲንቀጠቀጥ ጥፋቱን ፈጥነን በመስተዋቱ ላይ እናደርጋለን። ነገር ግን ድካሙ ብዙ ጊዜ ከመቆሚያው ነው፤ 100 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር መንቀጥቀጡንም 100 ጊዜ ያጎላልና።

አስቀድመን ቱቦውን፥ ቀጥሎም የሚዛን መጠበቂያውን ክብደት እናውርድ። የደረቀውን ግራሶ ከእሳት ርቀን በላምባ ካጠብን በኋላ አዲሱን በስሱ እንቀባ። ጥርሶቹ የተላቀቁ እንደ ሆነ ብሎኑን ጥቂት በጥቂት እናጥብቅ፤ ከልክ በላይ ቢጠብቅ ጥርሱ ይበላልና። ከዚያም ቱቦውን መልሰን፥ ዘንጉ በተለቀቀ ጊዜ ወደ የትም እስከማያዘነብል ድረስ ክብደቱን እናስተካክል።

ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ስለምትዞር፥ ኮከብን ለመከተል የተሠራ መቆሚያ ዋና ዘንጉ ወደ ሰሜን ዋልታ ማመልከት ይገባዋል። ይህም በአዲስ አበባ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል። ለሰሜን አገሮች የተሠራው መቆሚያ ይህን ያህል ዝቅ አልልም ቢል በኃይል አናስገድደው፤ በደቡብ በኩል ካለው እግር ሥር ጽኑ እንጨት አግብተን ወደ ሰሜን እናዘንብለው፤ እንዳይወድቅም እንፈትነው።

እንዲህ ከሆነ ልጁ አንዱን ዘንግ ብቻ ቀስ ብሎ እያዞረ፥ የጁፒተርን አራት ታላላቅ ጨረቃዎች ረግተው ያያቸዋል።