መጀመሪያ ነፍስ፣ ቀጥሎ ድምፅ

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ሰልችቶናል። «ለኤሌክትሮስታቲክ ሄድፎን የሚሆን አምፕሊፋየር በእጃችን ልንሠራ ነው፤ የትኛውን ካፓሲተር እንግዛ?» ይሉናል። ጠያቂው ሳይጨርስ ከጎኑ ያለው ይቀበልና ስለ ወርቅ ቅብ ሶኬት፣ ስለ ብር ሽቦ፣ ስለ ጃፓን ካፓሲተር «ሞቅ ያለ ድምፅ» ይተርክልናል። ስለ ፊውዝ የጠየቀን ሰው ግን እስካሁን የለም። አንድም!

ዛሬ የምንጽፈው ለዚህ ነው። ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

ነገሩን ለማያውቁት በአጭሩ እንንገር። ተራው የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አለ። ኤሌክትሮስታቲኩ ሁለቱም የሉትም። በተበሳሱ ሁለት ሳህኖች መካከል ከፀጉር የቀጠነ ፕላስቲክ ተወጥሯል። ፕላስቲኩ ላይ ከፍተኛ ቮልት ይጫናል፤ ሙዚቃው በበኩሉ በሳህኖቹ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሆኖ ይመጣና ፕላስቲኩን ወዲያና ወዲህ ይስበዋል። የጃፓኑ ስታክስ በዚህ መንገድ ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። የስታክስ «ፕሮ» መስፈርት 580 ቮልት ነው። ስልካችሁ ላይ ሰክታችሁ አትሰሙትም፤ የራሱ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል። ተሠርቶ የሚሸጠው ኪስ ስለሚያራቁት፣ እንደ ኬጂኤስኤስ እና ብሉ ሀዋይ ያሉ በነፃ የተለቀቁ ንድፎችን ይዞ እቤቱ የሚበይድ ሰው በየአገሩ ሞልቷል። እኛም ከነሱ አንዱ ነን።

የሚፈራው ሌላ፣ የሚገድለው ሌላ

580 ቮልት ሲባል ሁሉም ይደነግጣል። በትክክል በተሠራ አምፕሊፋየር ግን ይህ ቮልት የሚወጣው በ4.7 ሜጋኦም ሬዚስተር አልፎ ነው። አካፍሉት፤ ቢበዛ 0.12 ሚሊአምፒር ቢሰጥ ነው። ይነዝራል፣ ያስደነግጣል፣ ከዚያ አያልፍም።

ገዳዩ «አነስ ያለው» ነው። አምፕሊፋየሩን የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ፣ ፖዘቲቭ 400 እና ኔጋቲቭ 400 ቮልት። በያንዳንዱ በኩል 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢኖር አንዱ ብቻ 17.6 ጁል ይይዛል። ሶኬቱን ብትነቅሉም ካፓሲተሩ ይዞ ይቆያል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርነውም። ከመካከላችን አንዱ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ገና ያልተገናኘ ፓወር ሰፕላይ ሞክሮ፣ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ማኪያቶውን ጠጥቶ ተመለሰ። ሃያ ደቂቃ አልፏል። ሊያነሳው እጁን ሲሰድ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተወረወረ። ጣቱ ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬም አለ። በዚያ ሰሌዳ ላይ ከወር ደሞዛችን ቆርሰን የገዛናቸው «ምርጥ» ካፓሲተሮች ነበሩ። ያልነበረው ጥቂት ብር የሚያወጣ ማፍሰሻ ሬዚስተር ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 100 ኪሎኦም ሬዚስተር ከካፓሲተሩ ጋር ጎን ለጎን ብታስሩ፣ 400 ቮልቱ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከ50 በታች ይወርዳል። ሬዚስተሩ ላይ 1.6 ዋት ስለሚነድ የ3 ዋት ግዙ። ከዚያ በኋላም ቢሆን በቴስተር ሳትለኩ አትንኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ቮልቱን አንብቡ እንጂ ስሙን አታንብቡ

ሬዚስተር ስንገዛ ኦሙን እናያለን፣ ዋቱን እናያለን። የሚችለውን ቮልት የሚያይ ግን ጥቂት ነው። የተለመደው ሩብ ዋት ሬዚስተር ብዙ ጊዜ የሚችለው 250 ቮልት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ግን ብዙ መቶ ቮልት ተሸክመው የሚውሉ ሬዚስተሮች አሉ። መፍትሔው ሦስት አራቱን በተርታ ማሰር ወይም ቮልቱን የሚችል መግዛት ነው።

ካፓሲተርም እንዲሁ። «የኔ 400 ነው፣ 450 የተጻፈበት ይበቃዋል» የሚል ሞልቷል። አይበቃውም! 400 የተስተካከለ ቮልት ለማግኘት ከማስተካከያው በፊት ከዚያ የበለጠ መኖር አለበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍና ዝቅ በሚልባት ከተማችን ደግሞ አስቡት።

ትራንስፎርመሩን ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የምታስመጡ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ጽሑፉን በፎቶ አስልኩ። ለ120 ቮልት ብቻ የተጠቀለለ ከሆነ በኛ 220 ቮልት ጭስ ነው። ሁለት የ115 መግቢያ ጥቅሎች ካሉት ግን በተርታ አስራችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ፎርጅድ ትራንዚስተር

ብዙ የቆዩ ንድፎች የቶሺባን 2ኤስኬ389 ይጠይቃሉ። ቶሺባ ማምረት ካቆመ ቆይቷል። ታዲያ በርካሽ የሚሸጠው «አዲስ» ከየት መጣ? አብዛኛው ስሙ ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት ነው። ሊኒየር ሲስተምስ በምትኩ ኤልኤስኬ389 ይሠራል፤ ዋጋው ያማል፣ ግን እውነተኛ ነው። ከፍተኛ ቮልት የሚሸከሙት የመውጫ ትራንዚስተሮች ላይ ጉዳዩ ይብሳል። ፎርጅዱ ሲቃጠል ብቻውን አይሞትም፤ ጆሯችሁ ላይ ወዳደረጋችሁት ዕቃ የሚሄደውን መስመር ይዞ ነው።

ለሙቀቱም በጀት ያዙ። ከፖዘቲቭ እስከ ኔጋቲቭ 800 ቮልት፣ በ20 ሚሊአምፒር፣ 16 ዋት ነው። ለግራና ለቀኝ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት መስመር፤ 64 ዋት። ይህ ሙዚቃ ሳይከፈት ነው! ወፍራም አሉሚኒየም እና ቮልቱን የሚችል የሚካ ወይም የሴራሚክ መለያ ግዴታ ነው።

«እናንተ ጆሮ የላችሁም»

ይሉናል። «ካፓሲተር ድምፅ ይለውጣል!» ሊለውጥ ይችላል፤ ሙዚቃው በውስጡ ሲያልፍ። የኬጂኤስኤስ ንድፍ ግን ከመግቢያ እስከ መውጫ በቀጥታ የተያያዘ ነው። ሙዚቃው በውስጡ የሚሻገረው ካፓሲተር የለም። ታዲያ ያ በዶላር የመጣው ጃፓናዊ ምኑን ነው የሚያሞቀው? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

የብር ሽቦውም ያው ነው። ሄድፎኑ ለአምፕሊፋየሩ 100 ፒኮፋራድ አካባቢ ያለው ካፓሲተር ሆኖ ነው የሚታየው። በ20 ሺህ ኸርዝ፣ በ300 ቮልት፣ 4 ሚሊአምፒር ገደማ ይወስዳል። ለ4 ሚሊአምፒር ብር? ሽቦውን በልባሱ ምረጡት፤ 600 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚችል መሆኑን እዩ።

ሌሎች ደግሞ «እንዲህ ከሆነ ጭራሽ አንሥራ» ይላሉ። አላልንም። ከዚህ በፊት ምንም በይዶ የማያውቅ ግን በባትሪ በሚሠራ ለተራ ሄድፎን በሚሆን አምፕሊፋየር ይጀምር። የሚያውቀውም ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። መጀመሪያ ፊውዝ፣ ኧርዝ፣ ማፍሰሻ ሬዚስተር፣ ሽፋን። ቀጥሎ ትራንስፎርመር፣ እውነተኛ ትራንዚስተር፣ ሙቀት ማስወጫ። ገንዘብ ከተረፈ፣ ያኔ ወርቁንም ብሩንም ግዙ፤ ማንም አይከለክላችሁም።

በዚህ ሥራ ውስጥ ብቻችሁን አትሥሩ፣ ማታ ደክሟችሁ አትሥሩ፣ አንዱን እጃችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ። ወዳጃችን ዛሬ ያን ሄድፎን አድርጎ ሙዚቃ ይሰማል። ድምፁ፣ እውነት ለመናገር፣ ልብ ይሰውራል። ግን ያን ቀን ሁለቱም እጆቹ ሰሌዳው ላይ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ርዕስ ነበር የምንጽፈው።

ስለዚህ ነገ ስለ ካፓሲተር ልትጠይቁን ስትመጡ፣ እኛም የምንጠይቃችሁ አለን። ፊውዙን ገዝታችኋል?