በጠፈር ጀግኖች ላይ መሣቅ ይገባልን?

ዘንድሮ በክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስካሁን አልበረደም። ይኸውም፥ የጠፈር ጉዞ ፊልሞችን እያስመሰሉ የሚያፌዙ ፊልሞች ይበጃሉ ወይስ አይበጁም የሚል ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ «ሳይንስን ገና ያልጨበጠ ሕዝብ በሳይንስ ሊቀልድ አይገባውም» ይላሉ። እኔ ይበጃሉ ከሚሉት ወገን ነኝ። ይልቁንም ከእነዚህ ፊልሞች አንዱ በአገራችን መሬት ላይ በአማርኛ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ስለ እርሱ የሚሰማኝን ለመጽሔታችን አንባብያን ለመጻፍ ወደድሁ።

የጠፈር ፊልም ምን እንደሚመስል የማያውቅ በመካከላችን የለም፤ በቪዲዮ ቤት ያላየ በስልክ አይቷል። ጀግናው ረጅምና መልከ መልካም ነው። ጠላቱ ጥቁር ለብሶ ያስፈራራል። መርከቦቹ በጠፈር ውስጥ ሲፈነዱ ድምፃቸው ጆሮ ያደነቁራል፤ እኛ ግን አየር በሌለበት ድምፅ እንደማይተላለፍ በፊዚክስ ተምረናል። ብርሃን እንኳ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ከፀሐይ ቀጥሎ ወደሚቀርበን ኮከብ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የፊልሙ ጀግና ግን ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚደርሰው ወደ ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ ተሳፋሪ እስኪሞላ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እነዚህን ፊልሞች ወደ አማርኛ እየመለሱ የሚተርኩልን ሰዎች ይህን ከእኛ በፊት ዐውቀውታል መሰለኝ፤ ጀግናው ሲፎክር ከራሳቸው ጨምረው ይቀልዱበታል፥ ቪዲዮ ቤቱም በሣቅ ይሞላል። ስለዚህ በጠፈር ጀግና ማፌዝ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

በውጭ አገር የዚህ ዓይነቱ ፌዝ ከታወቁት አንዱ አሜሪካዊው ሜል ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው «ስፔስቦልስ» ነው። ያፌዘበትም ጆርጅ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው «ስታር ዋርስ» ላይ ነው። ገና ሲጀምር የጠላት መርከብ በፊታችን ታልፋለች፤ ታልፋለች፤ አሁንም ታልፋለች፤ ርዝመቷ አያልቅም። አስፈሪው ጦረኛ የደፋው የራስ ቁር ከራሱ እጅግ ይበልጣል። የአንዲት ዓለም ገዢዎች አየራቸውን ጨርሰው የጎረቤታቸውን አየር ሊሰርቁ ይመጣሉ። ከሁሉ ይልቅ ያሣቀኝ ግን ጥበበኛው ሽማግሌ ነው። ምሥጢር ሊገልጥ ነው ብለን ስንጠብቅ፥ የፊልሙ ስም የታተመባቸውን አሻንጉሊቶችና የምሳ ዕቃዎች እያወጣ ያሳየናል፤ እውነተኛው ገንዘብ ያለው ከዚህ ነውና!

አንባቢ ይህን የአሻንጉሊት ነገር በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ በአገራችንም ፊልም ውስጥ እናገኘዋለን።

የአገራችን ፊልም ያልሁት «ክራምብስ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ፍርፋሪ» ማለት ነው። ደራሲውና አዘጋጁ ሚጌል ያንሶ የተባለ የስፔን ሰው ሲሆን፥ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2015 በሮተርዳም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ርዝመቱ 68 ደቂቃ ነው። ዋናውን ሰው ሆኖ የሚሠራው ዳንኤል ታደሰ፥ ፍቅረኛው ሆና የምትሠራው በአማርኛ ፊልሞች የምናውቃት ሰላም ተስፋዬ ናት። ዳንኤል ሰውነቱ ደቃቃ ስለ ሆነ፥ የጠፈር ጀግና ሁሉ እንደ ባሕር ዛፍ የሚረዝምበትን ልማድ ገና ሲታይ ያፈርሰዋል። ታሪኩ የሚሆነው ከታላቅ ጦርነት በኋላ፥ ዓለም ፈርሳ ጥቂት ሰዎች በቀሩበት ዘመን ነው። አንዲት የጠፈር መርከብ ሳትንቀሳቀስ ለብዙ ዓመት በሰማይ ተንጠልጥላ ዝጋለች። አንድ ቀን የመነሣት ምልክት ታሳያለች፤ ሰውየውም ተሳፍሮ ለመሄድ ሲል መንገድ ይጀምራል። ጉዳዩን እንዲፈጽምለት የሚፈልገው ማንን ነው? የገና አባትን!

አባቴ ከእኔ ጋር ሆነው ሲያዩ፥ ግማሹ ላይ ሲደርስ «ኧረ ይቺ መርከብ መቼ ነው የምትነሣው?» አሉ። እኔም የፊልሙ ፌዝ ያለው ከዚያው ላይ ነው አልኋቸው። በሌላው የጠፈር ፊልም ጀግናው በ10 ደቂቃ ውስጥ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ በዚህኛው ግን መርከቧ ተሰቅላ ትታያለች፥ ሰውም አንጋጦ ይኖራል። እኛ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች እንዲህ ያለችውን መርከብ ዐውቀናታል። ከዚህ አገር ስንቱ ወጣት በባቲ አድርጎ፥ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ጂቡቲ፥ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳል! ከእኔ ጋር ዘጠነኛ ክፍል ከጀመሩት መካከል ዛሬ መቀመጫቸው ባዶ የሆነ አሉ። የሄዱት ሰነፎች አልነበሩም፤ አንዱ በሒሳብ ሁልጊዜ ይበልጠኝ ነበር። ደላላው የሚነግራቸው ወሬ ልክ እንደ ጠፈር ፊልም ነው፤ መነሣትና መድረስ አለበት እንጂ በመካከሉ ጥማትና ውንብድና የለበትም። በሄዱት አልፈርድም፤ ቤታቸውን ዐውቀዋለሁና። ዳሩ ግን መርከቧን ገና ከሩቅ ስናይ ልባችን የሚከዳንን ያህል፥ ትንሽ ልንሥቅባትም ብንችል ምንኛ በጠቀመን ነበር!

አሁን ወደ አሻንጉሊቱ ልመለስ። በ«ክራምብስ» ዓለም ያለፈው ዘመን ተረስቷል፤ የቀረው ፕላስቲክ ብቻ ነው። የኒንጃ ኤሊ አሻንጉሊት እንደ ከበረ ዕቃ ይቆጠራል። የማይክል ጃክሰን ሸክላም እንዲሁ። ለማይክል ጆርዳን ሥዕል ይጸለያል። ባለ ሱቁ ዕቃውን አገላብጦ አይቶ ስለ ጥንት ታሪኩ አንድ ትልቅ ወሬ ይፈጥርለታል፤ የሚያስተባብለው ሰው የለም። ሜል ብሩክስ ሲሸጥ ያሳየን አሻንጉሊት ዓለም ከጠፋች በኋላ ታቦት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ይህን ሳይ ትዝ ያለኝ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በዚያ በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ፤ የሰጡትም እሳቸው መሆናቸው በውስጡ ተጽፎ ይገኛል። የእኛ ቅርስ ታሪኩ ከራሱ ጋር ነው። ሆኖም ከእኛ መካከል የጠፈር ጀግኖችን ስም ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ፥ ስለዚህ መጽሐፍ ግን ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ አይጠፋም፤ የባለ ሱቁ ፌዝ እኛንም ይነካል።

ፊልሙን የሚቃወሙት ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው «የውጭ ሰው መጥቶ አገራችንን ፍርስራሽ አድርጎ አሳየ» የሚል ነው። ነገሩ እኔንም በመጀመሪያ ከንክኖኛል። ነገር ግን ፊልሙ የተነሣው በዳሎል፥ በወንጂና በድሬዳዋ ነው፤ እነዚህን ቦታዎች ማንም ለፊልም ብሎ አልሠራቸውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና አካባቢዋን ደርሶ ባለፈ ጊዜ፥ ታናሽ ወንድሜ ከሜዳ በለቀመው ቀለሃ ሮኬት ሠርቶ ይጫወት ነበር። ፍርስራሽ ላይ ቆሞ ሰማይ ማየት ለእኛ የውጭ ሰው የፈጠረው ወሬ አይደለም። ደግሞም ጆርጅ ሉካስ የበረሃ ዓለሙን ያነሣው በአፍሪካ፥ በቱኒዝያ ነበር፤ የዚያችን ዓለም ስም እንኳ ታታዊን ከምትባል የቱኒዝያ ከተማ ወሰደው፤ የቱኒዝያ ሰው ግን በታሪኩ ውስጥ ስፍራ የለውም። በ«ክራምብስ» ዳሎል የሌላ ኮከብ መሬት ቢመስልም የሚነገርበት አማርኛ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የሚቆጨኝ ፊልሙን የእኛ ሰው ቀድሞ አለመሥራቱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቀልዱ ከሳይንስ ያርቀናል የሚለው ነው። ይህን አልቀበለውም። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሰማይ ወጣች። ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል ነበር፤ ሥራዋም መሬትን ከላይ እያነሣች ለእርሻና ለአካባቢ ጥበቃ መረጃ መላክ ነበር። የብርሃን ሰይፍ አልያዘችም፥ ማንንም አላሸነፈችም። በሰይፉ የሣቀ ተማሪ የሳተላይቷን ሥራ ለመስማት ጆሮው የተከፈተ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ፊልሙ ጉድለት የለውም አልልም። ይዘገያል፤ አንዳንድ ቦታ ምን ለማለት እንደ ፈለገ አይገባም፤ ከጓደኞቼ ሁለቱ እያዩ አንቀላፍተዋል። ለሣቅ ብቻ የሚፈልግ «ስፔስቦልስን» ይይ። ሆኖም መምህራን ቢፈቅዱልን፥ የሚኒ ሚዲያ ክበባችን አንድ ቅዳሜ «ክራምብስን» በአዳራሽ አሳይቶ ክርክሩን በሕዝብ ፊት እንዲያደርገው አሳብ አቀርባለሁ። ከዚያም በኋላ ለክረምቱ አንድ አጭር የራሳችን የጠፈር ፌዝ እንድንሠራ ከድራማ ክበብ ልጆች ጋር ተነጋግረናል፤ ጠፈሩ የሐይቁ ዳር፥ ሩቁ ዓለም የአምባሰል ተራራ ይሆናል። መርከቧ ባጃጅ ትሁን ያልሁት እኔ ነኝ፤ ባጃጅ ያላቸው ወላጅ ለአንድ ቀን ቢያውሱን ነዳጁን እኛ አዋጥተን እንሞላለን።