ጫጩቱን ከመቁጠር በፊት ደሙን እንመርምር

ከጣና የወጣ ዓሣ ጠንካራ ነው፣ በሽታ ለምዷል፣ ኩሬ ቢገባ ምንም አይሆንም የሚል እምነት በጎንደር አካባቢ ከጎርጎራ እስከ ጠዳ ይሰማል። በዚህ እምነት የዓሣ ጫጩት ተጭኖ ይመጣል፣ ይቆጠራል፣ ይለቀቃል። ቁጥሩም እንደ ውጤት ሪፖርት ይደረጋል። ይህ አሠራር ገበሬውን ይጎዳል፤ መታረም አለበት።

በዓሣ ደም ውስጥ ኤሮሞናስ የተባለውን ዓሣ የሚያሳምም ባክቴሪያ የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ ማለት ዓሣው ያን ባክቴሪያ ወይም ዘመዱን አግኝቶታል ማለት ነው። ድኖ ይሆናል። ባክቴሪያውን በኩላሊቱ ወይም በአንጀቱ ተሸክሞ ሌላውን የሚበክልም ይሆናል። «በሽታ ለምዷል» የተባለው ዓሣ እንግዲህ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ነው። በሰፊው ሐይቅ ያልጎላ ጉዳት ዓሣው በተጨናነቀበት፣ ኦክስጅን ባነሰበት ኩሬ ይገድላል።

የደጋው ብርድ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የዓሣ ሰውነት ሙቀት የውሃውን ይከተላል፤ በሽታን የመከላከል አቅሙም እንዲሁ። ለኩሬ የሚመጣው ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሞቃት ውሃ ዓሣ ነው። በሞቃት ውሃ እንኳ ፀረ እንግዳ አካሉ በቂ መጠን እስኪደርስ ሳምንታት ይወስዳል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ጥልቀት የሌለውን ኩሬ ሲያቀዘቅዘው የበለጠ ይዘገያል። ጣና ላይ የጠነከረ ዓሣ እንደ ዳባት ባለ ደጋ እንደሚጠነክር ዋስትና የለም።

«ከታመመ መድኃኒት አለ» ለሚሉ የኖርዌይ ልምድ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1987 ለሳልመን እርባታዋ ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ትጠቀም ነበር። መድኃኒቱን ወደ ጥቂት ያወረደችው በዋናነት ዓሣውን በመከተብ፣ ማለትም የራሱን ፀረ እንግዳ አካል አስቀድሞ በማዘጋጀት ነው። ምርቷ በብዙ እጥፍ አድጎም ፍጆታዋ ከያኔው እጅግ ያንሳል።

እኛ ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልገንም። የተገደለ ባክቴሪያን ከዓሣው ሴረም ጋር ቀላቅሎ፣ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩን የሚያሳየውን መጓጎል ማየት በመጠነኛ ላቦራቶሪ ይቻላል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ቅርባችን ነው። ጫጩቶቹ ከተገኙባቸው እናት ዓሦች ናሙና ይወሰድ። ትናንት የተበከለ ዓሣ ዛሬ ፀረ እንግዳ አካል አያሳይምና ምርመራው ከሳምንታት በኋላ ይደገም፣ ከኩላሊታቸውም ባክቴሪያው ይፈለግ። ጫጩቶቹ እስከዚያ ለብቻቸው ይቆዩ።

ከነበሽታው ከተሰጠ አሥር ሺህ ጫጩት ተመርምሮ የተሰጠ አንድ ሺህ ለገበሬው ይበልጣል። ሪፖርቱም ስንት ተለቀቀ ከማለት አልፎ ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በሕይወት አለ ብሎ ይጠይቅ።