«በጀት ሲለቀቅ» የሚባለው ቀን መቼ ነው?

አብርሃ ጅራ ላይ ከከፈትኳት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ «ዛሬ በእጅ፣ ነገ በዱቤ» የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። ቀልዱ የኔ አይደለም፤ ከመተማ እስከ መርካቶ በየሱቁ ተለጥፎ ያያችሁት ነው። የሚያስቀው ሌላው ነው። ወረቀቷን በገዛ ማሽኔ አትሜ፣ በገዛ እጄ በለጠፍኩበት ሳምንት ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የ38 ሺህ 640 ብር ሥራ በዱቤ ሠርቼ አስረከብኩ። ጊዜው ግንቦት 2015 ዓ.ም. ነበር። እነሆ እስከ ዛሬ አልተከፈለኝም!

መሥሪያ ቤቱን በስም አልጠራም። ሥራ ከሳንጃም፣ ከገንዳ ውኃም፣ ከመተማም ይመጣልኝ ስለነበር አንባቢ «የቱ ይሆን?» እያለ ባይደክም ይሻላል። ስሙን ብጠራ ገንዘቤ አይመጣም፤ የቀሩኝ ደንበኞች ግን «ይኼ ሰውዬ ጋዜጣ ላይ ያወጣናል» ብለው ይሸሹኛል። ደግሞም ነገሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጻፍም አልነሳም ነበር።

አንባቢ እንዲያውቀው ያህል፣ እኔ ለጋዜጣ በጽሑፍ ልክ እየተከፈለኝ የምጽፍ ሰው ነኝ። በዚህ ብቻ ቤት አይተዳደርም። (ጋዜጦችም ቢሆኑ የጽሑፍ ዋጋ ሲያዘገዩ ለጉድ ናቸው። አዘጋጁ ይህችን ዐረፍተ ነገር ካልቆረጣት ደግ ሰው ነው።) ዲፕሎማዬ በአካውንቲንግ ነው። ኮሌጅ ሳለን «ተሰብሳቢ ሂሳብ በሀብት በኩል ይመዘገባል» ብለው አስተምረውን ነበር። እኔም ለፈተናው በቃሌ ይዤ አለፍኩ። ታዲያ ይህ «ሀብት» የልጅ ደብተር አይገዛ፣ የቤት ኪራይ አይከፍል! መምህራችንን ዛሬ ባገኛቸው የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራው ሲታዘዝ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣልኝ፤ ቅጻ ቅጹን አተምኩ፣ ሪፖርቱን ጠረዝኩ፣ የስብሰባውን ባነር አሠርቼ አስረከብኩ። ሞዴል 19 ተቆረጠልኝ። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ፈረመ፣ ኃላፊው ፈረመ። ፋይናንስ ክፍል ያለችው ልጅ ሰነዱን አገላብጣ አይታ «ወንድሜ፣ ሰነድህ ሙሉ ነው፤ በጀት ሲለቀቅ እንደውልልሃለን» አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። እኔም «እሺ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ለገዛ ገንዘቤ አመስግኜ ወጣሁ እኮ!

ሰኔ ላይ ስመለስ በጀቱ አልቋል። ሐምሌ ላይ አዲሱ በጀት ገና አልወረደም። ነሐሴ ላይ ደግሞ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ በክልሉ ጦርነት ተቀሰቀሰ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ያኔ ማን ማንን ገንዘብ ይጠይቃል? ነፍስ ባልተያዘበት ጊዜ ስለ ፎቶ ኮፒ ሂሳብ አላነሳሁም፤ አሁንም በዚያ ወቅት አልወቅሳቸውም። በኋላ መንገዱ ከፈት ሲል ሄድኩ። ኃላፊው ተቀይሯል። አዲሱ ኃላፊ ወንበር ሰጥተው፣ በትሕትና አዳመጡኝና «ጋዜጠኛው፣ ያለፈው ኃላፊ ያዘዘውን እኔ በምን አውቃለሁ? የተዘጋ በጀት ዓመት ዕዳ ነው» አሉኝ። ማኅተሙ ያው ማኅተም ነው። ሕንፃው ያው ሕንፃ ነው። ዕዳው ግን ከሰውዬው ጋር ተዛውሮ ሄዷል!

እዚህ ላይ ሐምሌ ቆላ ውስጥ ምን ዓይነት ወር እንደሆነ ከተማ ላለው አንባቢ ልንገረው። ሰሊጥ የሚዘራው ክረምቱ ሲገባ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አረም ነው፤ ከደጋው በሺህ የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ወባውንና ካላዛሩን እየደፈረ ይወርዳል። አጨዳው ከመስከረም መጨረሻ ይጀምራል፤ ገንዘብ ሰው እጅ የሚገባው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ስለዚህ በሐምሌ የቆላ ሰው ገንዘቡ መሬት ውስጥ ነው። የኛ የደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች ግብር ይከፈል የነበረው መቼ መሰላችሁ? ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30! መሥሪያ ቤቱ «በጀት አልወረደም» በሚልበት በዚያው ወር፣ ገበሬው «ሰሊጡ ይድረስ» በሚልበት በዚያው ወር፣ ለግብር ግን «ይድረስ» የሚባል ነገር የለም።

አንድ ጊዜ ግብር ሰብሳቢውን «ጋሼ፣ መንግሥት ለኔ የሚከፍለው ገንዘብ አለ። ከዚያ ላይ ቀንሳችሁ ውሰዱ» አልኩት። ከልቡ ሳቀ። «እሱ ሌላ ካዝና ነው» አለኝ። ግብር ስከፍል አንድ መንግሥት ነው፤ ሲከፍለኝ ጊዜ ግን ብዙ ካዝና ይሆናል። ይህን ሒሳብ ዲፕሎማ ቀርቶ ዲግሪም አይፈታውም።

ሕጉንስ እንየው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ግብር ሳይከፍል ለዘገየ ሰው ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ መቀጫ ደንግጓል። ወለዱ ለብቻው ነው፤ እሱም በከፍተኛው የባንክ ማበደሪያ ላይ 15 በመቶ ታክሎበት ይሰላል። ነጋዴ ለነጋዴ ስንቅ የሌለው ቼክ ቢጽፍ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስፈርድበት ይችላል። ለኔስ? ለኔ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አለልኝ፤ ውሉ ላይ ወለድ ካልተጻፈ በዓመት 9 በመቶ። በ38 ሺህ 640 ብር ላይ ሲሰላ በዓመት 3 ሺህ 477 ብር ከ60 ሳንቲም ማለት ነው። እሱም ከሰስኩ፣ ተፈርዶልኝም ከሆነ ነው።

«ክሰስ እንጂ!» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። የሕግ ባለሙያ ወዳጄም ይህንኑ ነው ያለኝ። ገንዘብ ማበደር ቢሆን ኖሮ ከ500 ብር በላይ ያለ ጽሑፍ ማስረጃ አይረጋም፤ ያንተ ግን ሸቀጥና ሥራ ነው፣ ሞዴል 19 አለህ፣ መጀመሪያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጣቸው፣ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በአጭር ሥርዓት የሚታይበት መንገድ አለ፣ ይርጋውም 10 ዓመት ነው አለኝ። 10 ዓመት! እስከ 2025 ዓ.ም. ፋታ አለኝ ማለት ነው። ያኔ ልጄ ኮሌጅ ትገባለች።

የማልከሰው ሕጉን ስለማላውቅ አይደለም። ትንሽ ከተማ ውስጥ መሥሪያ ቤት የከሰሰ ሰው በሁሉም መሥሪያ ቤት በር ላይ ስሙ ቀድሞት ይደርሳል። ፈቃድ ዕድሳት አለ፣ ግብር ግምት አለ፣ የሚቀጥለው ጨረታ አለ። ያንን የሚያውቅ ነጋዴ ዝም ይላል። ዝም ሲል ደግሞ «ቅሬታ የለም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ሪፖርቱን የምተይበው እኔ ነኝ!

ይህን ሁሉ ስል ያልከፈለ ሁሉ ጠላቴ ነው ማለቴ አይደለም። ከሱቄ አጠገብ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ አሉ። ለባለሀብቶች የአረም ሠራተኛ በቦኖ ይመግባሉ፤ ካቦው ቦኖውን ይፈርማል፣ ሂሳቡ ሰሊጥ ሲሸጥ ይወራረዳል። እንዲህ ሆኖ ለዓመታት ሠርቷል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲጀመር የሱዳን ጦር አልፋሻጋ ገባ። ብዙ ገበሬ ያረሰውን ሳያነሳ፣ ያጨደውን ሳያጓጉዝ ነቅሎ ወጣ። የእትዬ ዋና ባለዕዳም አንዱ ነው። ቦኖዎቹ ዛሬም በፌስታል ታስረው ከቡና ረከቦታቸው ሥር ተቀምጠዋል። «ለምን አይጠይቁትም?» ስላቸው «ልጄ፣ ምን ብዬ? እሱ ራሱ ባንክ ያሳድደዋል። ሰው ሲቃጠል ክብሪትህን አምጣ አይባልም» አሉኝ።

እኔም እስማማለሁ። ያጣ ሰው ሌላ ነው፤ ኖሮት የሚያጉላላ ሌላ ነው። አልፋሻጋ ላይ ሰሊጡን የተነጠቀውን ገበሬ ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ባነሩ ተሰቅሎ፣ ስብሰባው ተካሂዶ፣ አበሉ ለተሰብሳቢ ተከፍሎ፣ የባነሩ ዋጋ ብቻ «በጀት አልተለቀቀም» ሲባል፣ ይህ ማጣት ነው? አበሉንስ ማን ለቀቀው?

አይቻልም እንዳይባል ደግሞ እዚሁ አገራችን ውስጥ ተችሎ ታይቷል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋም ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ ባንክ ሳያስገባ እንዳይገዛ፣ ሻጩም በማግሥቱ የሥራ ቀን ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ እንዲገባለት ተደርጎ ነው። ሰሊጥ በዚህ ሥርዓት ተሽጧል። ታዲያ ሰሊጡ በማግሥቱ ሲከፈልበት፣ ሰሊጡን ያረመው ሠራተኛ የበላበት እንጀራ፣ የሠራተኛው ስም ዝርዝር የታተመበት ወረቀት ለምን ዓመት ይጠብቃል? ትልቁ ገንዘብ ሥርዓት ተበጀለት፤ ትንሹ ገንዘብ ለይሉኝታ ተተወ።

ውጪውንም እንይ ከተባለ፣ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሕግ ከአነስተኛ አምራችና አገልግሎት ሰጪ የገዛ ሁሉ ቢበዛ በ45 ቀን ካልከፈለ የማዕከላዊ ባንኩን ምጣኔ ሦስት እጥፍ ወለድ በየወሩ እየተደመረበት ይከፍላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመደበኛው በ30 ቀን መክፈል አለበት፤ ካዘገየ ወለዱ ሳያንስ ለማሳደጃ ወጪ ቢያንስ 40 ዩሮ ይጨምራል። እዚያም የሚያዘገይ አልጠፋም፤ ግን ቀኑ ይቆጠራል። የኛ ቀን የሚቆጠረው ለማን እንደሆነ ከላይ ተናግሬያለሁ።

መዘግየት ደግሞ ገንዘቡን ይበላዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 ብር አለፈ። ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ የማሽኑ መለዋወጫም የሚመጣው በዶላር ነው። በዋዜማው 670 ዶላር ያህል ይመነዘር የነበረው ያ 38 ሺህ 640 ብር ወደ 320 ዶላር ወረደ። ነገ ጠርተው «ና ውሰድ» ቢሉኝ እንኳ የሚሰጡኝ ግማሹን ነው። ሰነዱ ላይ ግን ሙሉ ዕዳ ተከፈለ ተብሎ ይጻፋል። በቁጥር ማን ይከራከራል?

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር፤ አለዚያ ይህን ጽሑፍ አንብቦ የሚስቅብኝ ሰው ጎንደር ከተማ ውስጥ አለ። ወረቀትና ቀለም በዱቤ የሚሰጠኝ ጅምላ ሻጭ ነው። ያን የግንቦቱን ሥራ የሠራሁት በሱ ወረቀት ነው። ያልተከፈለኝን አልከፈልኩትም። መጀመሪያ ሰሞን ሲደውል «ወንድም ዓለም፣ ሰዎቹ ሲከፍሉኝ» እለው ነበር። በኋላ «ኔትወርክ የለም» ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ፤ ኔትወርኩ ከተመለሰ በኋላ እንኳ ተጠቀምኩበት። ከዚያ ስልኬን ደፍቼ ማስቀመጥ ጀመርኩ። እሱም በተራው የአዲስ አበባ አስመጪ አለበት፤ እሱም ስልኩን ይደፋ ይሆናል። ፋይናንስ ክፍል ያለችውን ልጅ «ለምን አትደውልልኝም?» እያልኩ የምማረር ሰው፣ ለካስ የኔም አፍ «በጀት ሲለቀቅ» ማለት ለምዷል።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሞዴል 19 ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ ቀን ይቆጠር፤ 30 ይሁን፣ 45 ይሁን፣ ይቆጠር። ካለፈ ግብር ላዘገየ ሰው የሚሰላው መቀጫና ወለድ ለዘገየ ከፋይም በዚያው ምጣኔ ይሰላ። ወይም ግብሬ ላይ ያቻችሉልኝ። ሐምሌን ደግሞ ለቆላ ነጋዴ ያንሱለት፤ ኅዳር ላይ ቢመጡ ደስ ብሎን እንከፍላለን። ኃላፊ ሲቀየር ዕዳውም አብሮ በርክክብ ሰነድ ላይ ይስፈር፤ ወንበርና ጠረጴዛ ተቆጥሮ ሲረከብ የሰው ገንዘብ የማይቆጠርበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ስጽፍ የጎንደሩ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ደወለ። ሁለተኛውን አነሳሁት። ሁለት ማሽን ስላለኝ አንዱን እንዲሸጥልኝ ነገርኩት። «ስንት ይፈልጉበታል?» አለኝ። አንቱ አለኝ! ድሮ አንተ ነበር የሚለኝ። ዋጋውን ነገርኩትና «ግን በእጅ በእጅ ለሚገዛ ብቻ» አልኩት።