«ሁሉም ከንቱ ነው» ማን ለማን ይበል?

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ የምሟገተው ከገዛ ግጥሜ ጋር ነው። በ2009 ዓ.ም. በአንድ የግጥም ምሽት መድረክ ላይ እነዚህን ስንኞች አንብቤ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተቀብዬባቸዋለሁ፦

ቤት ሠራሁ አትበል፣ ድንጋይ ነው ያቆምከው፣
ነገ ለሚያፈርሰው፣ ዛሬ የደከምከው።
እዚያ ላይ ነው ቤትህ፣ ሰማይ ነው ርስትህ፣
እንግዳ ነህና፣ ምንድነው ጭንቀትህ?

ቤቱ ይመታል፤ ምጣኔውም አልተሰበረም። ትምህርቱንስ ቢሆን ማን ይነቅፈዋል? በዐቢይ ጾም በገና የሚደረደርለት፣ በለቅሶ ቤት የሚሰበክ፣ አያቶቻችን በየማለዳው የሚደግሙት ነገር ነው፤ ዓለም ኃላፊ ናት፣ ሀብት ጤዛ ነው፣ ሞት አይቀርም፣ አገራችን በሰማይ ነው። እኔም ግጥሜን ለሰባት ዓመታት ስወደው ኖርሁ። የጻፍሁት ግን ቤት ፈርሶበት የማያውቅ ሰው ሆኜ፣ ጣሪያው በማያፈስስ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መሆኑን አላስተዋልሁም ነበር።

2016 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በፒያሳ እምብርት ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ለኮሪደር ልማት ተብሎ የአሮጌው ሠፈር መፍረስ ተከተለ። ጾሙ በዚያ ዓመት የገባው መጋቢት 2 ቀን ነበርና ዶሮ ማነቂያ ሲናድ ከየታክሲው ሬዲዮ የሚሰማው በገና ነበር። አቧራው እኔ በምሠራበት ባንክ መስኮት ላይ ሳይቀር ያርፍ ነበር። በዚያ ሰሞን ነው እንደ እኔው ግጥም የሚሞክር አንድ ወዳጄ ማኪያቶ ላይ ተቀምጠን ሳለ እቃቸውን በአይሱዙ ጭነው የሚሄዱትን ሰዎች በመስኮት አይቶ፣ «ምን ያስለቅሳቸዋል? ምድራዊ ቤት እኮ ነው። አንተስ ብለኸው የለም እንዴ?» ያለኝ። ቀጥሎም ስንኞቼን አንድም ሳያጎድል በቃሉ አነበነበልኝ።

ግጥሙ በቃል መያዙ ሊያስደስተኝ ይገባ ነበር። አፈርሁ። ማፈሬ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ነው ይህን የምጽፈው።

የምንመካበት «ከንቱ» የሚለው ቃል ባለቤት አለው። በመጽሐፈ መክብብ የሚናገረው ሰው፣ ትውፊታችን ሰሎሞን የሚለው ንጉሥ፣ ቤት የሠራ፣ ወይን የተከለ፣ ብርና ወርቅ ያከማቸ፣ ያሻውን ሁሉ የቀመሰ ነው። ከንቱ ያለውም የራሱን ነው። የጎረቤቱን ጎጆ አይቶ አላለውም። ንግግሩ ኑዛዜ ነበር፤ እኛ ግን የሰው ቤት ማስለቀቂያ ትእዛዝ አደረግነው። ያው አንድ ቃል ከባለቤቱ አፍ ሲወጣ ንስሐ ይሆናል፣ ቤት ከፈረሰበት ሰው ፊት ቆሞ ለሚናገረው ግን ግፍ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ያለው ያ ሞኝ ባለጸጋም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በዚያች ሌሊት መሞቱን ነው። እኔ ዘንድሮ ሳነበው ዓይኔ ያረፈው በሌላ ቦታ ነው፤ ሰውዬው ያቀደው ማፍረስ ነበር። ያሉትን ጎተራዎች አፍርሶ የሚበልጡ ሊሠራ ተነሣ። በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ባስልዮስ በዚህ ታሪክ ላይ ሲሰብክ ስለ ሀብት ኃላፊነት ተናግሮ ብቻ አላቆመም፤ በባለጸጋው እጅ የተረፈው የተራበው ሰው ድርሻ መሆኑን ፊት ለፊት ነገረው። እርሱ ራሱም ከከተማው ዳር ለድሆችና ለሕሙማን መጠለያ አቋቁሟል። ይህ ሰው ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራለት ነው። ሰማይን ተስፋ ማድረጉ ጣሪያ ከመሥራት አላገደውም።

ናቡቴንም አስቡት። አክዓብ የወይን ቦታውን ሲፈልግበት፣ ወይ የተሻለ ምትክ ቦታ ወይ ዋጋውን በብር ሊሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር። አገሬን ከአክዓብ ቤት ጋር ላመሳስል አልመጣሁም፤ እዚህ የኤልዛቤል ደም የለም፣ ምትክ ቤት የተሰጣቸውም ብዙ ናቸው። ልብ በሉ የምላችሁ ስለ ኤልያስ ነው። ነቢዩ ወደ ናቡቴ ዘንድ ሄዶ «ወይን ምንድነው? ኃላፊ ነገር!» ብሎ አልገሠጸውም። የአባቶቹን ርስት አልሸጥም ያለውን ሰው ቁሳዊ ብሎ የነቀፈ ነቢይ አላውቅም።

ርስት ካልን ዘንድ፣ ቃሉን እንየው እስቲ። ሰው ሲሞት ለሐዘንተኛው ምን እንላለን? መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን። አባቶቻችን ሰማይን ሊነግሩን ሲፈልጉ የደረሱበት ከሁሉ የሚበልጠው ቃል የመሬት ቃል ነው፤ ርስት፣ መውረስ፣ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ፣ ማንም የማይነቅልህ ቦታ። ታዲያ በምድር ያለው ርስት፣ በምድር ያለው የለመዱት ደጃፍ ባዶ ነገር ከሆነ፣ የሰማዩ ተስፋ በምን ቋንቋ ይነገረናል? ሥር ሰድዶ መኖር ምን እንደሆነ ያልቀመሰ ሰው «ርስትህ በሰማይ ነው» ሲባል ምኑን ይናፍቃል? ግጥሜ ርስት የሚለውን ቃል ከምድር ተበድሮ ምድርን የሚሰድብ ነበር። እንደ ባንክ ሠራተኛ ብድሩን ሳልከፍል መሳደቤ ያሳፍረኛል።

ደግሞስ የትኛውን «ምድራዊ ሀብት» ነው የምንነቅፈው? ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ በውስጣቸው የሚኖረው ሰው ካርታ የለውም፣ መሸጥ አይችልም፣ ለልጁም በኑዛዜ ሊሰጠው አይችልም። ጥቂት ብር እየከፈለ ሃምሳ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ባለጸጋ ግን አይባልም። ባለጸጋ የሚባል ካለ ከእርሱ ደጃፍ መቶ እርምጃ ወረድ ብሎ፣ ወርቅ ቤቶቹ በተደረደሩበት መንገድ ነው የሚፈለገው፤ ወይም ከእኔ ጠረጴዛ ማዶ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ባንክ ቤት ሞትን በወረቀት እናየዋለን። የፍርድ ቤት የወራሽነት ውሳኔ ይመጣል፣ የሟች ደብተር ይመጣል፣ ወንድማማቾች ግራና ቀኝ ቆመው አይተያዩም። አባታቸው በሕይወት ሳለ መቶ ብር ለማውጣት ሲሳሳ የነበረበት ገንዘብ በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ይቆረሳል። ዘመናዊ ባንክ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ሲጀምር ወደዚህ ከተማ ከመግባቱ በፊት፣ ብር ያለው ሰው ጠገራውን መሬት ቆፍሮ ይቀብር ነበርና ሀብትና ሬሳ አንድ ግስ ይጋሩ ነበር። በእነዚያ ወራሾች ፊት «ሁሉም ከንቱ ነው» የሚል ሰባኪ ቢመጣ ከወንበሬ ተነሥቼ አሜን እለዋለሁ።

ነገር ግን በዚያው ዓመት ክረምት ሦስት አረጋውያን ወደ መስኮቴ መጡ። የአንድ ዕድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ናቸው። አንዱ አራብሳ፣ አንዱ ቃሊቲ፣ አንዱ ላፍቶ ልጁ ዘንድ ሄዶ ሠፍሯል። ሒሳቡ ውስጥ ስንት እንደነበረ መናገር ሙያዬ አይፈቅድልኝም፤ ወርቅ ቤት አያስከፍትም ብል ግን ምሥጢር አላወጣሁም።

«አባቶቼ፣ ሒሳቡን ልትዘጉት ነው?» አልኋቸው።

ሰብሳቢው ቆብ አውልቀው እንደገና አደረጉት። «ገንዘቡስ ይከፈላል ልጄ፤ ቀባሪ እንዴት ይከፈላል?»

ከዚያ በእኔ ፊት ስለ ድንኳኑ ክርክር ገቡ። ድንኳኑ አንድ ነው። አግዳሚ ወንበሩ፣ ብርጭቆው፣ ብረት ድስቱ በቁጥር ይደርሳል፤ ድንኳን ግን ሦስት ቦታ ቢቀድዱት ለማንም አይሆንም። ከኋላ የቆመው ወረፈኛ አጉረመረመ፤ እኔም አላጣደፍኋቸውም።

የእነዚያ ሰዎች ሀብት ይህ ነበር። ሌሊት ጥሩምባ ሲነፋ ከአልጋው የሚወርድ ጎረቤት፣ ሬሳ ሳይቀበር ቁርስ የማይቀምስ ጎረቤት፣ ከቀብር ቢቀር የሚቀጣ ጎረቤት፣ ሰልስት እስኪወጣ ድረስ ሐዘንተኛዋን ብቻዋን የማያሳድር ጎረቤት። ይህ ከየትኛው ሀብት ይመደባል? ብል ይበላዋል? ሌባ ይሰርቀዋል? በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ጦቢት የሚያወሳው፣ ሙታን ወገኖቹን ስለ ቀበረ ንብረቱን የተወረሰን ሰው ነው። ጦቢት ያጣው ምድራዊ ሀብት ነበር፤ ያተረፈው መቅበሩን ነው። የዶሮ ማነቂያ ሰው ደግሞ ምድራዊ ሀብት የሚባል ቀድሞም አልነበረውም። የተበተነበት ያ ጦቢት ያተረፈው ነው። እኛ ገጣሚዎች ይህን ከወርቁ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ከትተን «ከንቱ» ብለን አሰርነው።

ጭቃ ቤት ናፋቂ እንዳልባል ላክልበት። በዚያ ሠፈር ውስጥ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ለብዙ አባወራ አንድ መጸዳጃ፣ በክረምት ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ፣ ሬሳ እንኳ በወጉ የማያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ። አንዲት እናት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው የውኃ ቧንቧ ማግኘታቸውን ነግረውኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ብለዋል፣ እኔም አብሬ ብያለሁ። በኮንዶሚኒየሞችም አዲስ ዕድር ይቋቋማል። ጠቤ ከቧንቧው ጋር አይደለም። ጠቤ የሌላውን ሰው እንባ በሰማይ ስም ከሚያደርቅ አንደበት ጋር ነው። ጌታ ራሱ በቢታንያ በአልዓዛር መቃብር ፊት አልቅሷል፤ ያውም ሊያስነሣው እያወቀ። «ምን ያስለቅሳችኋል» ማለት የሚችል ቢኖር እርሱ ነበር።

ወዳጄ ይህን ስነግረው፣ «እንግዲህ ተስፋችን በሰማይ ነው ማለትን እንተው?» አለኝ። ለመልስ ሩቅ አልወሰድሁትም። ከተቀመጥንበት ተነሥተን በእግራችን ወደ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሄድን። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መስመሩ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ወደ ስፍራው የተመለሰ ነው። (ሐውልት ሲነሣ ይመለሳል፤ ይህም የድንጋይ ዕድል ነው።) ፋሺስቶች ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የደበደቧቸው እኒህ ጳጳስ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ብሎ ተውኔት የጻፈላቸው፣ ሰማይን ተስፋ በማድረግ ከእኔም ከወዳጄም አያንሱም። ሞት ከፊታቸው ቆሞ ነበር። በዚያች ሰዓት «ምድር ኃላፊ ናት፣ ማንም ቢገዛት ምን ገዶኝ» ማለት ይችሉ ነበር፤ ነፍሳቸውም ትተርፍ ነበር። የሚተረከው ግን ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን መሬቷም ለወራሪ እንዳትገዛ መገዘታቸው ነው። መሬትን የሚገዝት ሰው መሬትን ከቁም ነገር የቆጠረ ሰው ነው። መንግሥተ ሰማያትን ማመናቸው ከአፈሩ አልነጠላቸውም፤ ለአፈሩ መሞትን አቀለለላቸው እንጂ።

ወዳጄ ሐውልቱን ቀና ብሎ አይቶ ዝም አለ። የተስማማ አይመስለኝም።

ግጥሜን አልቀደድሁትም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች ግን ሰርዣለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ደግሞ «ሠራሁ አትበል» የሚለውን «ሠራሁ አልልም» አድርጌ ለራሴ ላዞራቸው እየሞከርሁ ነው። ምጣኔው እምቢ ብሎኛል።

ሦስቱ አረጋውያን ያን ዕለት ሒሳቡን ሳይዘጉ ሄዱ። ዘንድሮ ሁለቱ ብቻ ተመልሰው መጡ። ጸሐፊው ዐርፈዋል፤ ፊርማቸው በሌላ ሰው እንዲተካ ነው የመጡት። ድንኳኑ ከላፍቶ አራብሳ ድረስ በአይሱዙ ተጭኖ በኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ ላይ መተከሉን ነገሩኝ። ባንኩ የሚጠይቀውን ቃለ ጉባኤ በጥንቃቄ አጣጥፈው ይዘዋል። ስብሰባው የተደረገው በወሩ በ23፣ አራዳ ጊዮርጊስ፣ ቅዳሴ ሲያበቃ በቅጥሩ ውስጥ ነው፤ የሃያ ሁለት ሰው ፊርማ አለበት። ማኅተሙን ከናሙናው ጋር አመሳከርሁ። አድራሻ በሚለው ቦታ ዛሬም ዶሮ ማነቂያ ይላል።