ንፋሱን እንዳትከፍተው!

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት የስድስት ዓመት ልጄን ወደ አማርኛ ትምህርቷ ላደርሳት ከቤት ወጣን። የምንኖረው አሜሪካ ውስጥ፣ ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው በአውሮራ ከተማ ነው። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። መኪናችን ጋ ስንደርስ ከሾፌሩ ጎን ያለው መስኮት ባዶ ነበር። ሌሊት አንድ ሰው መስታወቱን ሰብሮ የልጄን ቦርሳ ወስዶታል።

ቦርሳው ውስጥ የነበረውን ልንገራችሁ፦ አንድ የፊደል ደብተር፣ ሁለት እርሳስ፣ አንድ ብስኩት። ሌባው ላፕቶፕ መስሎት ይሆናል። ልጄ ያለቀሰችው ለመኪናው ሳይሆን ለደብተሩ ነው። ከ«ሀ» ጀምራ በራሷ እጅ እየጻፈች «ቸ» ላይ ደርሳ ነበር። ቦርሳውን መኪና ውስጥ ትቼ የገባሁት እኔ ስለሆንኩ ምን እንደምላት ጠፋኝ።

«መስኮቱ ተሰበረ» አለች። እኔም ልማድ ሆኖብኝ «ተሰባበረ» ብዬ አረምኳት። (ልጅ እያለቀሰች ሰዋስው ማስተማር! ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።)

ግን ልዩነቱን እናንተም ያዙት። አንድ እርሳስ ለሁለት ሲከፈል «ተሰበረ» እንላለን። አንድ ነገር ብዙ ቦታ ሲሆን «ተሰባበረ» እንላለን። የሚቀሩት ትንንሽ ቁርጥራጮች «ስብርባሪ» ይባላሉ። የመኪና የጎን መስታወት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሰባበራል እንጂ አይሰበርም። ምክንያቱ አሠራሩ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቅና በኃይለኛ ንፋስ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ላዩ ቀድሞ ይጠነክራል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ ላዩን ይስበዋል። ስለዚህ መስታወቱ ዕድሜውን ሙሉ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ይኖራል። አንድ ቦታ ሲበሳ ውጥረቱ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ሁሉም ይበታተናል። ፍሬዎቹ የበቆሎ ፍሬ ያክላሉ፤ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ረጅም ስለት የላቸውም። የፊት መስታወት ግን ሌላ ነው። ሁለት መስታወቶች በመካከላቸው በፕላስቲክ ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም። ይህን ዓይነቱን መስታወት እ.ኤ.አ. በ1909 በስሙ ያስመዘገበው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው።

በዚያው ቀን አንድ ባለሙያ ቤታችን ድረስ መጥቶ አዲስ መስታወት ገጠመ። ወንበሩንና ወለሉን በማሽን ጠረገ። «አለቀ» ብሎ ሄደ። እኔም አለቀ ብዬ አመንኩ።

ሰኞ ጠዋት የፊት መስታወቱ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ልጄ ከኋላ ተቀምጣለች። ማሞቂያውን ከፍቼ ንፋሱን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ድምፅ መጣ። አንድ ነገር ጉንጬን ነካኝ። ከኋላ ደግሞ ልጄ በደስታ «አባዬ፣ በረዶ! እጄ ላይ በረዶ አለ!» አለችኝ።

ዞር ስል ጓንቷን ወደ አፏ እያስጠጋች ነው። በረዶ ሲዘንብ ሁልጊዜ ትልሰዋለች።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ደንግጣ እጇን አራገፈች። ንፋሱን አጠፋሁ፣ መኪናውን ዳር አቆምኩ፣ ኮቷን አወለቅኩላት። «ዓይንሽን አትሺው» እያልኩ ፊቷን በስልኬ መብራት አየሁ። ምንም አልነበራትም። ጉንጬ ላይ ግን ትንሽ ደም ነበር። ትልልቆቹ ፍሬዎች ብዙም አይቆርጡም፤ ከእነሱ ጋር የሚወጣው እንደ አሸዋ የደቀቀው ነው ክፉው። ዓይን ውስጥ ከገባ ማሸት የለም፤ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ወደ ቤት ተመልሰን ለጎረቤታችን ደወልኩ። አዲስ አበባም ዴንቨርም ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ ልጄ «አባባ» ትላቸዋለች። ነገሩን ገና ሳልጨርስ «ንፋሱን እንዳትከፍተው። መጣሁ» ብለው ዘጉት።

የእኔ ሥራ ሶፍትዌር ነው። ኮድ ውስጥ ስህተት ስፈልግ መረጃው በየት በየት እንደሚያልፍ መጀመሪያ ወረቀት ላይ እስለዋለሁ። የንፋሱንም መንገድ እንደዚያ ሳልኩት። ነፊው ማሽን ብዙ ጊዜ ያለው ከጎን ከሚቀመጠው ሰው እግር በላይ፣ ከመሳቢያው ጀርባ ነው። ንፋሱ በማጣሪያ ያልፋል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ትንንሽ ክዳኖች ይመሩታል፦ ወደ እግር፣ ወደ ፊታችን ወይም ወደ መስታወቱ። መስኮቱ ሲሰባበር ስብርባሪው በዳሽቦርዱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ገብቶ ቱቦው ውስጥ፣ እነዚያ ክዳኖች ላይ ይተኛል። ወንበር ቢጠረግ አይነካውም። ንፋስ ሲመጣ ይነሳል።

ጋሼ አንድ ከረጢት ይዘው መጡ። ልጄን «ካቻቪቴ አቀብዪኝ» አሏት። ዓይኗን አፈጠጠች። ካቻቪቴ ብሎን መፍቻ ነው፤ ቃሉ የመጣው ከጣልያንኛ ነው። የአማርኛ ጋራዥ በጣልያንኛ የተሞላ ነው፦ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካንዴላ። «አባባ፣ ይሄን ነው የምትፈልገው?» አለቻቸው። በጆሮዋ «የሚፈልጉት በይ» አልኳት። ጋሼ ሰምተው ሳቁ። «ተዋት፣ አንተ ስትለኝ ወጣት እሆናለሁ» አሉ።

እኔ የዳሽቦርዱን ላይ ፈትቼ ውስጡን ማየት ፈልጌ ነበር። ጋሼ እጄን ያዙኝ፤ ከጎን ለሚቀመጠው ሰው የተሠራው ኤርባግ ያለው እዚያው ውስጥ ነው፣ ያለ ባለሙያ አይነካም። እሳቸው በተራቸው «በኮምፕሬሰር እንንፋበት» አሉ። ያኔ እኔ እምቢ አልኩ፤ ከነፋንበት ወደ ውስጥ ይገባል ወይም ወደ ዓይናችን ይመጣል። መምጠጥ ነው ያለብን። ትንሽ ተከራከርን። ወረቀቱን አሳየኋቸውና «ይሁን፣ መሐንዲስ» አሉኝ።

የመጥረጊያ ማሽኑ አፍ ለቀዳዳው ሰፊ ነው። ስለዚህ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጥ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ገዝቼ አፉ ላይ በፕላስተር አሰርኩት። የዓይን መከላከያ መነጽርና ወፍራም ጓንት አደረግን። ቱቦውን በየቀዳዳው ቀስ እያልን አስገባን፤ ጋሼ ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ። አንድ ፍሬ ቱቦው ውስጥ ሲገባ ቅጭ ይላል። ልጄ ከመኪናው ውጭ፣ ራቅ ብላ ቆማ ድምፁን ትቆጥራለች። «ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አሥር!» ያን ጊዜ ግን አላረምኳትም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከክዳኖቹ ነው። ነፊውን ሳንከፍት ቁልፉን ብቻ አዙረን ንፋሱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ቀያየርነው፦ ወደ እግር፣ ወደ ፊት፣ ወደ መስታወት። ክዳኖቹ ሲንቀሳቀሱ የተኛው ስብርባሪ ይወርዳል። እግር ጋ ነጭ አንሶላ ዘርግተን ስለነበር እፍኝ የሚሆን አገኘን። ከመሳቢያው ጀርባ ማጣሪያውን አወጣነው፤ እሱም ላይ ነበር። አዲስ ቀየርንበት።

በመካከሉ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። «ሊጥ ለጥፍበት» አለችኝ። ሳቅኩ፤ ግን ሞከርኩት። ለቱቦው አይሆንም። ዳሽቦርዱ ላይ ለቀረው የደቀቀ መስታወት ግን ሊጥ ከማሽኑ ይበልጣል። ሊጡን ወፍ እንዳይበላው በላስቲክ ቋጥረን ጣልነው።

ፈተናውን ያደረግነው ሲመሽ ነው። በእያንዳንዱ የንፋስ መውጫ ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ በፕላስተር ለጠፍን። በሮቹን ከፈትን፣ ልጄን ወደ ቤት አስገባናት። እኔ መነጽር አድርጌ፣ ፊቴን አዙሬ ነፊውን ከትንሹ ጀምሬ ጨመርኩ። ከዚያ ጨርቁን በመብራት ከጎን አየነው፤ መስታወት መብራት ከጎን ሲመታው ያብለጨልጫል። በመጀመሪያው ጨርቅ ላይ ሰባት ፍሬ ነበር። እንደገና መጠጥን። በሁለተኛው ሁለት። ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ ሦስት ጨርቅ በተከታታይ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ጋሼ ግን «ነገ መኪናው መንገድ ላይ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። አንድ ፍሬ ነበር። ልጄን መኪናው ውስጥ ያስገባኋት ከአምስት ቀን በኋላ ነው።

አዲስ ደብተር ገዛንላት። ከ«ሀ» እንደገና ጀምራ አሁን «ነ» ላይ ናት። ነፊውን ለመክፈት እጄን በዘረጋሁ ቁጥር ግን ከኋላ ድምፅ እሰማለሁ።

«አባዬ፣ ጨርቁስ?»